ሠራተኛ ያልበረከተበት ፓርክ፦ የሐዋሳው 750 ብር እና የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ ፓርክ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዘጠኝ ወር የተገነባ ነው። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት የልብስ ምልክቶች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ገና ከጅምሩ ገብቶበታል። ከሦስት ዓመት በኋላ በፓርኩ 25,000 ያህል ሰው ይሠራ ነበር፤ አብዛኞቹ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአካባቢው ዞኖች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ባለሙያዎች ፓርኩን አጥንተው ነበር። ያገኙት ነገር ፋብሪካ ለሚያስተዳድር ሰው የሚያስደነግጥ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ፋብሪካዎቹ በአማካይ የነበራቸውን ሠራተኛ በሙሉ ያህል በአዲስ ተክተዋል። መቶ ሰው ይዞ የጀመረ ፋብሪካ ዓመቱ ሲያልቅ ሌላ መቶ ሰው ቀጥሮ፣ አሠልጥኖ፣ ባጅ አሠርቶ ነበር ማለት ነው።

ያኔ በየስብሰባው ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ አንድ ነበር፤ «የሥራ ባህል»። ከገጠር የመጣች ልጅ ሰዓት አታውቅም፣ በዓል ሲደርስ ሳትናገር አገሯ ትሄዳለች፣ ትንሽ ሲከብዳት ትተዋለች። ነገሩ በከፊል እውነት ሊመስል ይችላል፤ ከእርሻና ከገበያ ሕይወት ወደ ደወልና ወደ ታርጌት መዞር ለማንም ይከብዳል። ግን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰነፍ አይሆንም። የለቀቁት ልጆች ሒሳብ ሠርተው ነው የለቀቁት፤ ሒሳቡን ቁጥር በቁጥር ማየት ይቻላል።

የደመወዙ ወረቀት

በጥናቱ የተመዘገበው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ያህል። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ የልብስ ስፌት ሠራተኛ 95፣ የኬንያው 207፣ የቻይናው 326 ዶላር ያገኝ ነበር። ዝቅተኛው ደመወዝ በአጋጣሚ የመጣም አልነበረም። መንግሥት ባለሀብት ሲጠራ ርካሽ ጉልበት አለን እያለ ነው የጠራው።

የአንዲት አዲስ ኦፕሬተር የወር ሒሳብ በወቅቱ የግብርና የጡረታ ሕግ መሠረት እንዲህ ይወጣል። መነሻ ደመወዝ 750 ብር። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የመጀመሪያው 600 ብር ከግብር ነፃ ስለሆነ በቀሪው 150 ብር ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 15 ብር ይቆረጣል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 52 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። እጇ የሚገባው 682 ብር ከ50። ወሩን በ26 የሥራ ቀን ብናካፍለው የቀን ደመወዟ 28 ብር ከ85 ሳንቲም፣ በጊዜው አንድ ዶላር ነው። በ208 ሰዓት ስናካፍለው ደግሞ ሰዓቷ 3 ብር ከ60 ሳንቲም ይመጣል።

ትርፍ ሰዓት ብትሠራስ? ሕጉ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ትርፍ ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። ሙሉውን 12 ሰዓት በየሳምንቱ ብትሠራ በወር 48 ሰዓት ይሆናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ክፍያው የመደበኛው አንድ ተኩል ስለሆነ በሰዓት 5 ብር ከ41፣ በወር 260 ብር ያህል ታገኛለች። ግብሩ ወደ 41 ብር ከፍ ይላል፤ እጇ የሚገባው 916 ብር አካባቢ ይሆናል። በሳምንት 60 ሰዓት የሠራች ሰው ማለት ናት።

ይህን ገንዘብ ይዛ ሐዋሳ ላይ ቤት ትከራያለች። ፓርኩ ሲገነባ የሠራተኛ ማደሪያ በበቂ ሁኔታ አብሮ አልተገነባም፤ በአንድ ዓመት ብዙ ሺህ ልጅ ወደ ከተማው ሲገባ የኪራይ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አራት ሆነው አንድ ክፍል መከራየት የተለመደ ነበር። ፍራሹ መሬት ላይ ተደርድሮ፣ ልብሱ ምስማር ላይ ተሰቅሎ፣ ከሰልና ሽሮ በማዋጣት ይኖራል። ቀን ምሳና ሰርቪስ ፋብሪካው የሚሸፍንበት ቦታ ላይ እንኳ ቁርስ፣ እራት፣ ሳሙናና የንጽሕና መጠበቂያ ከዚያው 682 ብር ነው የሚወጣው። ደመወዙ የተተመነው ልጅቱ ቤተሰቦቿ ጋ እያደረች የምትሠራ ይመስል ነበር። በተግባር ግን ብዙዎቹ ቤተሰብን ሊረዱ ወጥተው ከቤተሰብ እህል እያስመጡ ኖረዋል። ፋብሪካው ያልከፈለውን የሠራተኛ ቀለብ የገበሬው ጎተራ ከፍሏል።

አበል ለምን ደመወዝ አይሆንም?

ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ «መነሻውን ብቻ አትዩ፣ አበል አለ» ይላሉ። የመገኘት አበል፣ የምርታማነት ማበረታቻ፣ የምግብ፣ የመጓጓዣ። እውነት ነው፣ አለ። ነገር ግን ሠራተኛም ሆነ የማኅበር መሪ ሊያውቀው የሚገባ ልዩነት እዚህ ላይ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አበል፣ ጉርሻና ማበረታቻ ደመወዝ አይባሉም። ስለዚህ ጡረታ፣ የዓመት ፈቃድ ክፍያ፣ የስንብት ክፍያና ካሳ የሚሰሉት በመነሻው ላይ ነው። አሠሪው 300 ብር ሲጨምር በመነሻው ላይ ካደረገው እነዚህ ሁሉ አብረው ያድጋሉ፤ በአበል ካደረገው ያው ባሉበት ይቀራሉ። በድርድር ጠረጴዛ ላይ «ጠቅላላ ገቢዋ ይህን ያህል ነው» ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት «ከዚህ ስንቱ መነሻ ነው?» የሚለው ነው።

የመገኘት አበል ሌላም ጣጣ አለው። ወሩን ሙሉ ላልቀረ የሚሰጥ 150 ብር አለ እንበል። ልጅቱ አንድ ቀን ታማ ቀረች። የቀኑ ደመወዝ 28 ብር ከ85 ይቆረጣል፣ 150 ብሩም ይሄዳል፤ በአንድ ቀን 178 ብር ከ85 አጣች፣ የስድስት ቀን ደመወዝ መሆኑ ነው። አንዴ አበሉ ከሄደ በኋላ ደግሞ በዚያ ወር ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን መቅረት የሚያስከፍላት 28 ብር ብቻ ይሆናል። መቅረትን ለመከላከል የታሰበው ነገር ወሩ አጋማሽ ላይ መቅረትን ያበረታታል። አበሉን በሳምንት ከፋፍሎ መስጠት፣ የሐኪም ማስረጃ ያለበትን ቀን አለመቁጠር፣ ይህን በኅብረት ስምምነት ማስፈር ቀላል መፍትሔ ነበር። በሕመም የቀረችበት ቀን በሐኪም ማስረጃ ከተደገፈ ጭራሹን ደመወዝ ሊቆረጥበት አይገባም፤ የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በሕጉ የመጀመሪያውን አንድ ወር የሕመም ፈቃድ ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን ታገኛለችና።

በሱፐርቫይዘር ትእዛዝ ብቻ «ቅጣት» ተብሎ የሚቆረጥ ገንዘብም ሕጋዊ አይደለም። ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን፣ ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

ላይኑ ላይ የሚሆነው

አሁን ወደ ፋብሪካው ወለል እንግባ፤ የደመወዙ ጉዳይ የሚፈታው እዚያ ነበርና።

40 ኦፕሬተር ያለው አንድ የስፌት ላይን እንውሰድ። አንድ ቲሸርት ለመስፋት በመለኪያ 12 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 40 ሰው በቀን 480 ደቂቃ ሲሠራ 19,200 ደቂቃ ይሆናል፤ ሁሉም በመለኪያው ፍጥነት ቢሠራ 1,600 ቲሸርት ይወጣል። አዲስ ሰው በሞላበት ላይን ግን ውጤታማነቱ 40 በመቶ ቢሆን የሚወጣው 640 ነው። የ40 ሰው የቀን መነሻ ደመወዝ 1,154 ብር ነው። ለ640 ሲካፈል አንድ ቲሸርት ላይ የሚያርፈው የሰፊዎቹ ደመወዝ 1 ብር ከ80፣ የአሜሪካ 6 ሳንቲም ያህል ነው። አሠሪው ከራሱ የሚያዋጣው 11 በመቶ ጡረታ ሲጨመር ወደ 7 ሳንቲም ይጠጋል።

ቁጥሩን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ለዓለም ገበያ በሚወጣ ቲሸርት ላይ የላይኑ ሠራተኞች በሙሉ ድርሻ 7 ሳንቲም።

አሁን ደመወዙን 25 በመቶ ከፍ እናድርገው፣ ልጆቹም በዚህ ምክንያት ይቆዩ። የላይኑ የቀን ደመወዝ 1,442 ብር ሆነ። የቆየች ሠራተኛ እጇ ይፈታል፤ ክር ሲበጠስ ሱፐርቫይዘር አትጠራም፣ ኮሌታው ሲዞር መርፌውን የት እንደምታቆም ታውቃለች፣ ኳሊቲ የሚመልሰው ቁራጭ ይቀንሳል። ውጤታማነቱ ከ40 ወደ 50 በመቶ ቢያድግ በቀን 800 ቲሸርት ይወጣል። 1,442ን ለ800 ብናካፍል ያው 1 ብር ከ80 ነው። ጭማሪው ራሱን ከፈለ። የቅጥር፣ የሥልጠና፣ የተበላሸ ጨርቅ፣ የዘገየ ጭነት ወጪ የሚቀንሰው ገና አልተቆጠረም።

ስፌት ላይ አንድ አዲስ ሰው የራሷን ፍጥነት ብቻ አይደለም የምትወስነው። ላይኑ እንደ ሰንሰለት ነው። ትከሻ የምትገጥመው ካልደረሰች እጅጌ የምትገጥመው ቁጭ ትላለች። በየሳምንቱ ከ40 ሰው አንድ ሁለት ሰው የሚለወጥበት ላይን መቼም አይረጋም። ሱፐርቫይዘሩ ታርጌት ሲያመልጠው ጩኸቱን ወደ ልጆቹ ያዞራል፣ ልጆቹ በጩኸቱ ተማረው ይለቃሉ፣ አዲስ ይመጣል። አዲሷን ልጅ ለመምረጥ በየወረዳው የጣት ቅልጥፍና እየተፈተነ ደረጃ ይሰጥ ነበር፤ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ጣቷ የፈጠነ ልጅ ፈጥና የምትለቅ ከሆነ ፈተናው የማንን ችግር ፈታ?

ሕጉ ምን ያህል ያዳርሳል?

1156/2011ን ደካማ ሕግ ማለት ግፍ ነው። የሥራ ቀን ከ8 ሰዓት፣ የሥራ ሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፣ ከነደመወዙ ነው። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ትርፍ ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ጊዜው ካልተገለጸ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ የሥራውን ሁኔታ በጽሑፍ መስጠት አለበት።

ያልሞላው አንድ ትልቅ ቀዳዳ ግን አለ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ። አንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የሠራተኛና የአሠሪ ወኪሎች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም ይናገራል። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በነሐሴ 2011 ነው። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ጥያቄውን በየሠራተኞች ቀን እያነሳ ነው የኖረው።

ይህ ቀዳዳ ሌሎቹንም አንቀጾች ያሳሳቸዋል፤ ሕጉ የሚሰጠው ገንዘብ ሁሉ የደመወዝ ብዜት ነውና። አሠሪ ሠራተኛን ከሕግ ውጭ አሰናበተ እንበል። ፍርድ ቤት ወደ ሥራ እንድትመለስ ካላዘዘ፣ ከማስጠንቀቂያና ከስንብት ክፍያ በተጨማሪ የሚፈርድላት ካሳ የአማካይ የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ ነው። በቀን 28 ብር ከ85 ሳንቲም ለምትሠራ ልጅ ይህ 5,193 ብር ነው፤ በጊዜው 180 ዶላር። ጠበቃ ቀጥሮ፣ ከሥራ ቀርቶ፣ ለወራት ቀጠሮ ተመላልሶ የሚገኝ ነው። ለአሠሪው ደግሞ ከሕግ ውጭ ማሰናበት ከአንድ የማሽን ጥገና የማይበልጥ ወጪ ሆነ። የትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍም አሠሪውን ከትርፍ ሰዓት የሚያርቀው መነሻው ራሱ ትርጉም ሲኖረው ነው።

መደራጀት ሌላው መውጫ ነበር። ሕጉ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋምን ይፈቅዳል፣ በማኅበር አባልነት ምክንያት ማሰናበትን ይከለክላል። በፓርኩ የመጀመሪያ ዓመታት ግን ማኅበር እምብዛም አልነበረም። ዓመት ሳትሞላ የምትለቅ ልጅ ሊቀመንበር ለመምረጥ እንኳ ጊዜ አይኖራትም። ስለዚህ ቅሬታው የሚወጣው በድንገተኛ ሥራ ማቆም ነበር፤ ያ ደግሞ ሕጋዊ ጥላ የለውም። የሥራ ማቆም ከ10 ቀን በፊት ምክንያቱን ገልጾ ማሳወቅን፣ አስቀድሞ ለመስማማት መሞከርን፣ በስብሰባ ድምፅ መስጠትን ይጠይቃል። በንዴት ተነስቶ በር ላይ መቆም መሪዎቹን ለስንብት ያጋልጣል።

በሰኔ 2010 በሐዋሳ በተነሳው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ብዙዎች ተፈናቅለዋል፤ ከሌላ አካባቢ መጥታ በኪራይ ክፍል ለምትኖር ልጅ የመልቀቅ ምክንያት የነበረው ደመወዝ ብቻ እንዳልሆነ ይህም ያስታውሳል።

ደግሞ አማራጩን አስቡት። ኢትዮጵያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ባደረገችው ስምምነት ለቤት ሠራተኛ የተተመነው በወር 1,000 ሪያል፣ 266 ዶላር ያህል ነው። የሐዋሳው አሥር እጥፍ። የዓረብ አገር ጉዞ የሚያመጣውን መከራ የማያውቅ ቤተሰብ የለም፤ ልጆቹ ግን ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። የእኛው መንግሥት ለዜጋው በሰው አገር ወለል ደመወዝ ተደራድሮ አስወስኗል፤ በራሱ አገር ላይ አላደረገውም። ይህ ሊቆጨን ይገባል።

ዓመት ሳይሞላት የምትለቅ ሠራተኛ ምን ይገባታል?

አብዛኞቹ የሐዋሳ ለቃቂዎች ባጃቸውን ጥለው የሄዱ ናቸው። «ለቀቅሁ፣ ምንም የለኝም» የሚለው እምነት ብዙ ገንዘብ አስቀርቷል። የሥራ ስንብት ክፍያ በራስ ፈቃድ ለለቀቀ የሚመጣው በአብዛኛው ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ ነው፤ ይህ ልክ ነው። የዓመት ፈቃድ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይጠራቀማል። ስምንት ወር የሠራች ልጅ 16 ቀኑን በ8 አባዝታ ለ12 ብታካፍል 10.67 ቀን ይደርሳታል፤ በ28 ብር ከ85 ሒሳብ 308 ብር ያህል። የወር ደመወዟ ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው ገንዘብ ነው።

ይህን ለማግኘት አካሄዱ እንዲህ ነው። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚህ ውስጥ ሁለቱም ወገን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ግን መልቀቅ የምትፈልግ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥታ ቅጂው ላይ ማኅተም ወይም ፊርማና ቀን ማስደረግ አለባት። ኤች አር (የሰው ኃይል ክፍሉ) አልቀበልም ካለ በሁለት ምስክር ፊት መስጠት ወይም በአደራ ፖስታ መላክ ይቻላል። ያለ ማስጠንቀቂያ የሄደች ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ልትጠየቅ ትችላለች፤ አሠሪው የሚያነሳውም ከቀሪ ክፍያዋ ላይ ነው። ሳይነገር የተቀረው 308 ብር ብዙ ጊዜ የሚበላው በዚህ በኩል ነው።

ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግበት አጋጣሚም አለ። ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰባት፣ ለጤናዋና ለሕይወቷ የሚያሰጋ አደጋ አሠሪው አውቆ ካላስወገደ፣ ወይም አሠሪው ደመወዝን የመሰለ ግዴታውን በተደጋጋሚ ካልፈጸመ አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅን ይፈቅዳል፤ የስንብት ክፍያና ካሳም ያስገኛል። ምክንያቱን ግን በጽሑፍ ገልጻ መውጣት አለባት። ዝም ብላ ከሄደች በኋላ «ተንገላትቼ ነው» ማለት የማስረጃ ሸክሙን ያከብደዋል።

ቀሪው ክፍያ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። አብሮም የሥራ ልምድ ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት።

ሰነዶቹን ከመልቀቅ በፊት ነው መሰብሰብ፤ ባጁ ከተመለሰ በር አያስገባም። የሥራ ውሉ ወይም የቅጥር ደብዳቤው፣ የጥቂት ወራት ፔይ ስሊፕ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ መልእክት፣ የተሰጡ ማስጠንቀቂያዎች ካሉ ፎቶአቸው፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩ። በስልክ ተነስቶ ወደ ዘመድ የተላከ ፎቶ ስልኩ ቢጠፋም አይጠፋም።

ስንብቱ ከአሠሪው ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ምክንያቱና ጽሑፉ ነው። በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን መቅረት ወይም 8 ጊዜ ማርፈድ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊያሰናብት ይችላል፤ ነገር ግን ቀደም ሲል ስለ ጥፋቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሲሰጣት ነው። በቃል የተጮኸ ማስጠንቀቂያ አይቆጠርም። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ 30 የሥራ ቀን ካለፈውም በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ብዙ ክሶች የሚሸነፉት ግን በፍሬ ነገር ሳይሆን በይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር፣ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና ሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «እናስብበታለን፣ ተመለሺ» እየተባለ በኤች አር በር ላይ አራት ወር ያለፈባት ልጅ ወደ ሥራ የመመለስ መብቷን አጥታለች። ቅሬታ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ማቅረብ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ግን እየቆጠሩ። የግል የሥራ ክርክር የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይታያል፣ ሠራተኛ ለክሱ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

2014፦ አጎዋ ሲዘጋ

የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ዕድል እንደሚያስወጣ በጥቅምት 2014 መጨረሻ አስታወቀ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮም ተፈጻሚ ሆነ። ፒቪኤች በኅዳር ወር የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ።

የላይኑን 7 ሳንቲም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ወደ አሜሪካ የሚገባ የጥጥ ቲሸርት መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። 3 ዶላር የተተመነ ቲሸርት ላይ 49 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። የሰፊዎቹን ደመወዝ እጥፍ ማድረግ 7 ሳንቲም ይጨምር ነበር፤ አጎዋን ማጣት ከዚያ ሰባት እጥፍ ጨመረ። ባለሀብቱ የሚያሰላው ቀረጥን፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን የጅቡቲ ወደብ፣ የመብራት መቆራረጥን፣ ሰላምን ነው። የደመወዙ ዝቅተኛነት ፋብሪካ አላቆየም፤ ያን ያህል ዝቅ ማለቱ ያዳነው ነገር አልነበረም።

የሚዘጋ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚገባት ከለቀቀችው በጣም ይለያል፤ ብዙዎች የሳቱት ይህንን ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም በአንቀጽ 29 የሠራተኛ ቅነሳ ሲያደርግ የስንብት ክፍያው 5 ዓመት አይጠብቅም። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ 30 እጥፍ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፤ በዚህ ላይ በመዘጋትና በቅነሳ ምክንያት ተጨማሪ 60 የቀን ደመወዝ አለ። ሦስት ዓመት የሠራች፣ በወር 1,300 ብር፣ በቀን 50 ብር የምታገኝ ሠራተኛ እንውሰድ። 30 ሲደመር 20፣ 50 ቀን፤ ሲደመር 60፣ 110 ቀን፤ በ50 ብር 5,500 ብር። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይሰላል። ቅነሳ ከሆነ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይገባታል፣ ማንን አስቀርቶ ማንን መቀነስ እንደሚቻልም ሕጉ ቅደም ተከተል አለው፤ ነፍሰ ጡር፣ አካል ጉዳተኛና የሠራተኞች ተወካይ መጨረሻ ላይ ናቸው።

ስለዚህ «ፋብሪካው ሊዘጋ ነው» ተብሎ ሲወራ ፈጥኖ ራስን ማሰናበት ትልቁ ስሕተት ነው። 5,500 ብሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሌላው የሚያሳስተው «በስምምነት ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በሰልፍ ቆመው፣ እስክሪብቶ እየተቀባበሉ የሚፈረም ከሆነ ሳይነበብ አይፈረምም፤ ቅጂ ሳይሰጥ አይፈረምም። በስምምነት የተቋረጠ ውል የመዘጋትን ክፍያ ሊያስቀር ይችላል። ገንዘብ ለመቀበል ፊርማ ካስፈለገ ከፊርማው ጎን «የተቀበልኩት ይህን ያህል ብር ብቻ ነው፣ ቀሪ መብቴ የተጠበቀ ነው» ብሎ በእጅ መጻፍ ይቻላል።

ደንቡ ሲወጣ

ለመንግሥት ሠራተኛ ወለል አለ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 መጀመሪያ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በ2017 የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደግሞ ከግብር ነፃ የሆነውን መጠን ከ600 ወደ 2,000 ብር አንስቶታል። መንግሥት አንድ ሰው ከምን በታች ሊኖር እንደማይችል ለራሱ ሠራተኞች ማስላት ችሏል ማለት ነው፤ ስሌቱ ለስፌት ሠራተኛዋም ያገለግላል።

የደመወዝ ቦርዱ ደንብ የሚረቅቅ ከሆነ ከሐዋሳ የሚወስዳቸው ነገሮች ግልጽ ናቸው። ወለሉ በመነሻ ደመወዝ ላይ እንጂ በጠቅላላ ገቢ ላይ አይጻፍ፤ አለዚያ አበሉ ወለሉን ይሞላዋል። ስሌቱ የአንድ ክፍል ኪራይ ሲሶ፣ የ30 ቀን ቁርስና እራት፣ መጓጓዣ፣ የንጽሕና ዕቃና ወደ ቤት የሚላክ ጥቂት ገንዘብ ይያዝ፤ ዋጋውም በፋብሪካው ከተማ ገበያ ይወሰድ። ክለሳው በዓመት አንድ ቀን ላይ ይወሰን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በወራት ውስጥ የብር ዋጋ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ በብር የተጻፈ፣ የክለሳ ቀን የሌለው ወለል ከዚያ ቀን በኋላ ወለል አይሆንም ነበር። ቁጥጥሩም የፔይሮል ወረቀትን ከባንክ መልእክት ጋር የሚያመሳክር፣ ለሥራ ሁኔታ ኢንስፔክተሮች ሳይነገር በምሽት ፈረቃ የመግባት ሥልጣንና የሚገቡበት መኪና የሚሰጥ መሆን አለበት።